ሳትጨርስ ያነበብክልኝ ወረቀት

የማህሌት አባት፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ቀኑን የቆጠረልኝ ሰው የለም። ማህሌት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ቀን መቁጠሪያ እያነበብኩ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት። አዎ፣ እያነበብኩ። ይህንንም የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። አንድ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ መስመሩም ወደ ታች ይወርድብኛል፤ ግን ማንም አልጻፈልኝም።

አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። ማህሌት ሳትወለድ “አንተ” ነበርክ፤ ከተወለደች በኋላ “የማህሌት አባት” ሆንክ። ዛሬ የምነግርህ ነገር ግን ስምህን ይፈልጋል። አያሌው፣ ተቀይሜሃለሁ። ደግሞ አንተ ሳታውቀው የሞትክ አንድ በደል አለብኝ። ሁለቱንም እዚህ አወጣቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደምንሆን እንሆናለን።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማ ለቅቄያለሁ። ደረጃውን ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ባዶውን ቤትም እኔ እምቢ አልኩት። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ማህሌት ቤት ነኝ። ምድር ቤት ያለችውን ክፍል ሰጠችኝ፤ መስኮቷ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለች ስለሆነች የሰው እግር ሲያልፍ አያለሁ። አንተ ያለኸው ሜሪላንድ፣ እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ። መቃብርህ ጋ ለመምጣት ማህሌት እረፍት እስክታገኝ እጠብቃለሁ። ቤልትዌዩ፣ ያ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ሲዘጋጋ አበባው መኪና ውስጥ ይጠወልጋል፣ እሷም በእንግሊዝኛ ትሳደባለች፣ እኔ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ጋቢህን ለአንድ ዲያቆን ሰጠሁት። መኪና ማቆሚያው ስትሠራ የምትለብሰውን የፓርኪንግ ጃኬትህን ግን ይዤ መጣሁ። ሰማያዊው፣ ደረቱ ላይ ስምህ በእንግሊዝኛ የተጠለፈበት። ከክፍሌ በር ኋላ ተሰቅሏል። ስምህ በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል መሆኗን ቆጥሬያለሁ፤ ማንበቡ ላይ ገና አልደረስኩም።

ፊደሉን እንዴት ተማርሽ ብትለኝ፣ አንተ ስላላስተማርከኝ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ያደግክ፣ ዳዊት የምትደግም፣ የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ የምትጽፍ ሰው ነበርክ። እኔ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስቀይር የኖርኩ፣ የክፍሎቹን ቁጥር በቅርጻቸው የምለይ ሴት። አስተምረኝ ስልህ “ምን ያደርግልሻል? እኔ አለሁልሽ አይደለም ወይ?” ትለኝ ነበር። ፍቅር መሰለኝ። ፍቅርም ነበረበት፣ አልክድም። ግን ወደ ቤታችን የሚገባ ቃል ሁሉ በአንተ አፍ ብቻ ነበር የሚያልፈው። የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ፊትህን ነበር የማነበው። ፊትህ ደህና ከሆነ ደህና ነን፤ ካልሆነ ደግሞ አይደለንም።

ዓመትህ ከወጣ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገብቼ ልጆች ፊደል ሲማሩ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሩ የልጅ ልጄን የማመጣ መስሎት “እማማ፣ ልጁ የታለ?” አለኝ። ልጁ እኔ ነኝ አልኩት። እዚህ የተወለዱ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። እንደ ውሃ ያነባሉ፣ ያነበቡት ግን አይገባቸውም። እኔ ሲያነቡ ሁሉም ይገባኛል፣ ማንበብ ግን አልችልም። ስለዚህ ተጋገዝን። አንዷ “እማማ ጥሩነሽ፣ ዋት ኢዝ ምሳር?” ስትለኝ እንጨት የሚፈለጥበት ነው እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ጣቴን ይዛ ፊደሉ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ስሳሳት ይስቁብኛል። አንተ ብታየኝ ከሁሉም በላይ የምትስቀው አንተ ነበርክ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

እግርህ መደንዘዝ የጀመረበትን ሰሞን ታስታውሳለህ። ጫማህ መወለቁን ሳታውቅ የፓርኪንጉን አንድ ፎቅ በአንድ እግር ካልሲ እንደወጣህ ነግረኸኝ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ምላስህም በርበሬ የነካው ይመስል ይቃጠል ነበር። ክሊኒኩ ደምህን ወሰደ፤ ከሳምንት በኋላ ውጤቱን በአማርኛ አስተርጉመው በፖስታ ላኩልህ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠህ፣ መነጽርህን አድርገህ፣ እንዲህ ብለህ አነበብክልኝ፤ ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት የሚባለው ጎድሎሃል። እሱ ሲጎድል ደም ውስጥ ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር ይከማቻል። ይህ ነገር የበዛባቸው ሰዎች ላይ የልብ በሽታ በርከት ብሎ ይታያል። “ሌላው ደህና ነው” አልክና ወረቀቷን አጠፍካት።

ያ ቫይታሚን ከምን ይገኛል ብዬ ስጠይቅህ ፊትህ ጠቆረ። ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት። አንተ ደግሞ ከዓመቱ ከግማሽ በላዩን ትጾማለህ፤ በፍስኩም ቀን ቢሆን የሥጋ ሰው አልነበርክም። ምስሩና ጎመኑ የዚህን ቦታ አይሸፍንም ብላ ሐኪሟ በአስተርጓሚ ነግራሃለች። እሷም ጹም እንጂ አትጹም አላለችህም። አንዲት ክኒን በቀን ዋጥ ነው ያለችህ።

ማህሌት ቫይታሚኑን ገዝታ አመጣች። አንድ ማኅበርተኛህ አየውና “ይኼ እኮ ቅርፊቱ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው፤ በጾም እንዴት ትውጠዋለህ?” አለህ። እውነቱን ነበር፣ የዚያኛው እንደዚያ ነበር። ብልቃጡን እንደ እባብ ወረወርከው። ማህሌት ሦስት ፋርማሲ ዞራ ከእንስሳ ምንም የሌለበትን ሌላ አገኘች፤ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት፣ ደረቅ ክኒን ነው። “ከጾሙ በኋላ” ብለህ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥከው። ከሁዳዴ በኋላ የሐዋርያት መጣ፣ ከሐዋርያት በኋላ ፍልሰታ፣ ደግሞ የነቢያት፣ በመካከሉ ረቡዕና ዓርብ። ያንተ ከጾሙ በኋላ ምን ጊዜ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስለምንህ ታላግጥብኝ ነበር፤ “ክኒን የጀመረ ሰው የሞት ቀብድ ተቀብሏል” እያልክ።

እኔ ግን ያ ሆሞሲስቲን የሚሉት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ምን እንደሚመስል አላውቅም። በደም ሥርህ ውስጥ እንደ ዝገት ሲጋገር ይታየኝ ነበር። ስትስል እሱ ነው እላለሁ፤ ደረጃ ላይ ስታርፍ እሱ ነው እላለሁ። አንተ የሰጠኸኝን አንድ ጠላት ይዤ ሌት ተቀን እሱኑ እታገል ነበር።

አያሌው፣ የጾም አጃህ ውስጥ ወተት ጨመርኩበት።

የዱቄት ወተት ነው። ከሱቅ በላሟ ሥዕል ለይቼ ገዛሁትና ከሹሮው ጀርባ፣ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። ስትጾም ማታ ማታ ለምትጠጣው አጃ ሦስት ማንኪያ። በመጀመሪያው ቀን ምድጃው ላይ ፈሰሰብኝ። አንተ ቀምሰህ “ዛሬስ አጃሽ ጣፍጧል” አልከኝ። ለውዝ ወቅጬበት ነው አልኩህ። ከዚያ በኋላ ለውዝ ለሌለበት ሁሉ ለውዝ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ድረስ አጠጣሁህ።

እግርህ ተሻለው። በአንዴ አይደለም፤ ከወራት በኋላ ምንጣፉ ከእግርህ በታች ይታወቅህ ጀመር። አንተ ጸበሉ ነው አልክ። ማኅበርተኞቹ ፊት ቆመህ፣ ከጾምና ከጸበል የሚበልጥ ሐኪም የለም ብለህ መሰከርክ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። ወተቱ ይሁን ጸበሉ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። በዚያን ቀን ግን አውቃለሁ ብዬ ነበር።

በቁርባን የተጋባን ሰዎች ነን። ወተቱን ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ እኔ ወደ ቁርባን መቅረብ ተውኩ። “ምን ነካሽ?” ስትለኝ ሆዴን ያመኛል እልሃለሁ። አንተ ተቆጥተህ፣ “ሰይጣን ሲከለክል በሆድ ነው የሚጀምረው” እያልክ ብቻህን ሄደህ ትቆርብ ነበር። የማታውን የእኔን ወተት በሆድህ ይዘህ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ጀርባህን አይ ነበር። ከዚያ የከፋ ቅጣት ያለ አይመስለኝም ነበር። ነበረ።

ያ የፍልሰታ ዓርብ መጣ። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አለቀ። ቆርበህ፣ አፍህን በነጠላህ ሸፍነህ ወጣህ። ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ስትደርስ ቁጭ አልክ። ጫማህን የምታስር መሰለኝ። “ተነሥ እንጂ፣ ሰው ያልፋል” አልኩህ። ለአንተ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው። በሰላም ሂድ አይደለም፣ ይቅር በለኝ አይደለም። ተነሥ እንጂ፣ ሰው ያልፋል።

ሆስፒታሉ ልብ ነው አለን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት ለማህሌትም ነግሬያት አላውቅም። አንድ ቀን ወተቱ ነው የገደለው፣ በሥጋ ወደሙ ላይ ወተት አጠጥቼው እግዚአብሔር ቀሰፈብኝ እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ ወተቱ አንሶ ነው፣ አራት ማንኪያ ባደርገው ኖሮ እላለሁ። ሰው በአንድ ነገር መብዛትም ማነስም ራሱን ሲከስ ያየኸው አለ? እኔ ነበርኩ። ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ሁሉ “ጾመኛ ነበር፣ በጾም ወሰደው፣ የታደለ ነው” ስትለኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስብ ነበር። የሐዘን ይመስላቸዋል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ፊደሉን ቃል አድርጌ ማያያዝ ስጀምር፣ ዳዊትህን ከፈትኩ። ያቺ ወረቀት በመካከሉ ታጥፋ አለች። ከላይ ያለውን ወዲያው አወቅሁት፤ አንብበህልኛል። ድምፅህ ሁሉ መጣልኝ። ከታች ግን አንተ ያላነበብክልኝ ሁለት አንቀጽ አለ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስህተት የማነብ እየመሰለኝ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ደጋገምኩት።

ቫይታሚኑ ለነርቭዎና ለደምዎ ያስፈልግዎታል፣ የሆሞሲስቲኑንም መጠን ይቀንሰዋል ይላል። ነገር ግን እሱን መቀነስ ብቻውን ከልብ በሽታ እንደሚያድን አልተረጋገጠም። ልብዎን ለመጠበቅ ዋናዎቹ የታዘዙልዎት የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ናቸው። በየቀኑ ይውሰዷቸው። በጾም ቀን ማታ ከምግብ ጋር ሊወስዷቸው ይችላሉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ መስመር አለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎን ይዘው ቢመጡ መልካም ነው።

ባለቤትዎን። እኔን።

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ያንን ጃኬት አንተ የለበስከው ይመስል ኪሱን ነክቼው አላውቅም ነበር። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ሁለት የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘሁ። ሁለቱም እስከ አፋቸው ድረስ ሙሉ ናቸው ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ እንዳላያቸው በሥራ ልብስህ ውስጥ ደብቀሃቸው ነበር። እኔ ወተት በሹሮ ጣሳ፣ አንተ መድኃኒት በጃኬት። ሁለት ሌቦች በአንድ አልጋ ስንተኛ ኖረናል።

ለማህሌት ወረቀቷን ሳሳያት ፊቷን በእጇ ሸፍና “እማዬ፣ ሂ ኒው” አለች። ያውቅ ነበር ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ “ለምን አልነገረንም?” አለችኝ። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ብትነግረኝ ማታ ማታ ውሃ ይዤ ፊትህ እንደምቆም ታውቅ ነበር። የሽማግሌ መድኃኒት ከፊቴ መዋጥ አፍረህ ነው። ፈርተህም ነው። ፍርሃትህን ባወቅሁት ኖሮ አላፌዝብህም ነበር፤ ግን ፊትህን ደህና አስመስለህ አስነበብከኝ፣ እኔ ደግሞ ሌላ የማነበው አልነበረኝም።

ወረቀቷን ይዤ ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። በአስተርጓሚ ረጅም ሰዓት አስረዳችኝ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ክፍል ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ ነበረበት። እንግዳ እንዳያይ ቀለም ቀቡት፣ ጠፋ። ከወር በኋላ ጣሪያው ወረደ፤ ከላይ ያለው ቧንቧ ነበር የሚያፈሰው። ያንተ ሆሞሲስቲንም እንደዚያ እድፍ ሊሆን ይችላል ማለቷ ነው፤ ቧንቧው ባለበት ይታያል፣ እሱን ማጥፋት ግን ቧንቧውን አይጠግንም። ቫይታሚኑ ለእግርህ ይጠቅም ነበር እንጂ ያንን ዓርብ ያስቀር ነበር ማለት አትችልም። ሁለቱን መድኃኒት ብትወስድስ አልኳት። ዕድልህን ያሻሽሉት ነበር፤ ያድኑህ ነበር ብላ ግን መማል እንደማትችል ነገረችኝ። ዋሽታ ብታጽናናኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ በልቤ ረገምኳት። ኋላ ግን አመሰገንኳት። ሳትቆርጥ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ነው የተቀየምኩህ። ስለሞትክ አይደለም። የማይገድልህን ነገር ጠላት ብለህ ሰጥተኸኝ፣ እሱን ስታገል በሌላ በር ስለወጣህ ነው። ጾምህን ያስፈታሁህ አንተ አንብበህልኝ በተውከው ግማሽ ወረቀት ነው። ሙሉውን ብታነብልኝ ኖሮ ያንን ጣሳ አልገዛም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ከቁርባን አልርቅም ነበር።

የንስሐ አባታችን ጋ የሄድኩት ባለፈው ወር ነው። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማንኪያውን ሳይቀር። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀስ ብለው “ጣፈጠው?” አሉኝ። አዎ አባ፣ ይልሰው ነበር አልኳቸው። ጺማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቃቸውን ይዘው ነው። መልሰው ኮስተር አሉና እንዲህ አሉኝ፤ “ልጄ፣ ያላወቀ አልገደፈም፤ ጾሙ የእሱ ነው፣ ከእሱ ጋር ሄዷል። ያንቺ ኃጢአት ደግሞ ያንቺ ነው። ስግደት እንዳልሰጥሽ ጉልበትሽ የለም። ፊደል ተምረሻል አሉ። ዳዊቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራስሽ አፍ ድገሚለት።” ወተቱን ካወራሁላቸው በላይ ስለ አንተ መድኃኒት ያወራሁላቸው መሆኑን ኋላ ነው ያስተዋልኩት። እሳቸው ግን አስተውለው ነበር። ስወጣ “ቂሙንም እዚያው አንብቢው” አሉኝ።

አሁን ሁዳዴ ነው። እኔም እጾማለሁ። የእኔም ደም ተመርምሮ ያው ጎድሎ ተገኘ፤ ስለዚህ ማታ ከምግቤ ጋር ቅጠል የተሳለበትን ክኒን እውጣለሁ፣ የግፊቴንም እንደዚሁ። ፍሪጁ ላይ የተውከው ብልቃጥ ማሸጊያው ሳይነካ ጊዜው አልፎበታል። ማህሌት ልትጥለው ስትል ተቆጣኋት። መስኮቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሞት ቀብድ ካልከው ይኸው፣ እኔ በየማታው ቀብድ እቀበላለሁ፣ ሞት ግን እስካሁን አልመጣም።

ዳዊቱን በቀን አንድ መዝሙር፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ እያልኩ እገፋለሁ። አንተ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣውን እኔ እንደ ዳገት እያረፍኩ ነው የምወጣው። ጣትህ ያጠቆራቸው ገጾች አሉ፤ እዚያ ስደርስ ጣቴን ጣትህ በነበረበት አኖራለሁ። እስካሁን ይቅር ብዬህ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ጠዋት ይቅር ያልኩህ ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያ “ሌላው ደህና ነው” ያልከው ይመጣብኛል። አንተም ስለ ወተቱ ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ አላውቅም። ግን በየቀኑ ድምፄን አሰማሃለሁ፤ ከዚህ የበለጠ እንዴት አድርጌ እንደማስታውስህ አላውቅም። ዳዊቱ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ እጀምርልሃለሁ፤ ዓይኔ እስካለ ድረስ።

ወረቀቷን አላወጣኋትም። ያስቀመጥክበት ገጽ ላይ፣ እንዳጠፍካት መልሻታለሁ። እዚያ ገጽ ስደርስ ቆም ብዬ እሷንም ጮክ ብዬ አነብልሃለሁ፤ ከላይኛው መስመር ጀምሬ፣ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ እስከሚለው ድረስ።

ጥሩነሽ